ሁለት ስዊች፣ አንድ መብራት፦ የኔትወርክ መጠባበቂያ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ

“ሲስተም የለም” የሚለውን መልስ ያልሰማ ባለጉዳይ ዛሬ በኢትዮጵያ አይገኝም። ባንክ መስኮት ላይ ይባላል፣ ገቢዎች ቢሮ ይባላል፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ይባላል። በዋግ ኽምራ ዋና ከተማ በሰቆጣ ሲባል ግን ክብደቱ ይለያል። ከዝቋላ ወይም ከሳህላ ሰየምት ቆላ ተነሥቶ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በመኪና ተጉዞ ከተማ የገባ ገበሬ “ነገ ተመለስ” ሲባል የአልጋ፣ የምግብና የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ ኔትወርክ እንዳይቋረጥ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ለአይሲቲ ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም።

ባለሙያ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመጣለት መልስ የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኙትን ስዊቾች እንደ አንድ እንዲሠሩ በስታክ ማሰር ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀጥላል ይላል፤ እውነቱን ነው። ይህ ዳሰሳ ስታክ ከየት እንደመጣ፣ ከምን እንደሚያድንና ከምን እንደማያድን፣ በዋግ ኽምራ ደግሞ የትኛው ቢሮ ሊገዛው እንደሚገባ፣ የትኛው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውል እንደሚሻለው ይመለከታል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ስታክ መልካም ነገር ነው፤ ሰቆጣን ደጋግሞ የጎዳት ግን ስታክ የማይደርስበት ብልሽት ነው።

ነገሩ ከቀላል ምኞት ይጀምራል። ሁለት ስዊቾች በአንድ ኬብል ሲገናኙ ኬብሉ ከተበጠሰ ሁሉም ነገር ይቆማል። ታዲያ ለምን ሁለት ኬብል አይዘረጋም? ኢተርኔት ክብ መንገድ አይችልም። በአይፒ የሚጓዝ ፓኬት ዕድሜው ስለሚቆጠርለት መንገድ ቢስት እንኳ በመጨረሻ ይጣላል። የኢተርኔት ፍሬም እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። ለሁሉም የተላከ አንድ መልእክት በሁለቱ ኬብሎች ላይ እየዞረና እየተባዛ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ስዊቾቹን ያጨናንቃቸዋል። የሁሉም ወደብ መብራት ባንድነት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ሲል ያየ ባለሙያ ይህን ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ መነሻው ጠረጴዛ ሥር ያገኘውን ትርፍ ኬብል ለማስተካከል ብሎ ሁለቱንም ጫፍ ግድግዳው ላይ የሰካ ቅን ሠራተኛ ነው።

የመጀመሪያውን መድኃኒት ያገኘችው ራዲያ ፐርልማን ናት። በ1985 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ኢኩፕመንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስትሠራ ስፓኒንግ ትሪን ነደፈች። ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ትርፉን መንገድ ይዘጉታል፤ ዋናው ሲበጠስ ይከፍቱታል። የቀድሞው ስሪት መንገዱን ለመክፈት ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ፈጣኑ ስሪት አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ በታች ይጨርሰዋል። ዛሬ ደህና የሚባል ስዊች ሁሉ ይህ አለው፤ ተጨማሪ ገንዘብም አያስከፍልም። በዋግ ያሉ ብዙ ቢሮዎች ከዚህ ያለፈ አያስፈልጋቸውም ብዬ አምናለሁ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ነገር ግን ስፓኒንግ ትሪ ገደብ አለው፤ ገደቡን የረሱትን ይቀጣል። ኅዳር 2002 እ.ኤ.አ. ቦስተን የሚገኘው ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል ኔትወርኩ ለአራት ቀን ያህል ወደቀ። ሆስፒታሉ በየዓመቱ ስዊች በስዊች ላይ ሲቀጥል ኔትወርኩ ስፓኒንግ ትሪ ሊሸከመው ከሚችለው ርቀት አልፎ ነበር፤ አንድ ተመራማሪ ያንቀሳቀሰው ከባድ የመረጃ ዝውውር ጫነውና ተናጋ። ሐኪሞቹ ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ የላቦራቶሪ ውጤት በሰው እጅ ይመላለስ ጀመር። የሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ጆን ሃላምካ የሆነውን ሳይሸሽጉ ለሕዝብ ማስረዳታቸው ብዙ ሆስፒታሎችን አስተምሯል። ይህን የማነሣው ዋናው ነገር ቦስተን ስለሆነ አይደለም። በሀብታም አገር ያለ ትልቅ ሆስፒታል የወደቀው ዕቃ አጥቶ ሳይሆን ዕቃው እንዴት እንደተያያዘ ጠቅልሎ የሚያውቅ በመጥፋቱ ነበር።

ስታክ የተስፋፋው ከዚህ ድካም በኋላ ነው። ሲስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ካታሊስት 3750 ከተባለው ስዊች ጋር ስታክዋይዝን አወጣ። እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ ስዊቾች ከጀርባቸው በልዩ ኬብል ተያይዘው እንደ አንድ ትልቅ ስዊች ይሠራሉ፤ አንድ አድራሻ፣ አንድ ኮንፊገሬሽን፣ አንድ አስተዳደር። ጁኒፐር ቨርቹዋል ቻሲስ ብሎ፣ ሁዋዌ አይስታክ ብሎ፣ ኤች3ሲ አይአርኤፍ ብሎ ተከተሉ። የዛሬው ካታሊስት 9300 ስምንት ስዊች ድረስ ያስራል፤ በስዊቾቹ መካከል ያለው ጎዳናም በሰከንድ 480 ጊጋ ቢት ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በመንግሥት ቢሮና በባንክ ራክ (የስዊች መደርደሪያ) ላይ ደጋግመው የሚታዩት የሲስኮና የሁዋዌ ዕቃዎች ስለሆኑ የሚከተለው በአመዛኙ እነሱን ይመለከታል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና። እያንዳንዱ ስዊች ከጀርባው ሁለት የስታክ ወደብ አለው። ከአንደኛው ስዊች ሁለተኛ ወደብ የወጣ ኬብል ወደ ቀጣዩ ስዊች አንደኛ ወደብ ይገባል፤ እንዲህ እየተባለ ከላይ ወደ ታች ይወረዳል። የመጨረሻው ስዊች ደግሞ በረዥሙ ኬብል ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ይህ የመመለሻ ኬብል ነው። ያለ እሱም ስታኩ ይሠራል፣ ሁሉም መብራት አረንጓዴ ይሆናል፣ ማንም አያስተውለውም። ቀለበቱ ግን አልተዘጋም። አንድ ኬብል ሲላላ ወይም መሃል ላይ ያለ ስዊች ሲሞት ስታኩ ለሁለት ይሰነጠቃል። ቀለበቱ የተዘጋ ከሆነ ግን አንድ ኬብል ቢበጠስ የጎዳናው ስፋት በግማሽ ይቀንሳል እንጂ አገልግሎቱ አይቆምም። ስዊቾቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑም ሁለቱም ኬብሎች ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አለቃ መምረጥ ነው። በስታክ ውስጥ አንዱ ስዊች ያዛል፣ አንዱ በተጠንቀቅ ይቆማል፣ የቀሩት ይታዘዛሉ። ምርጫው የሚካሄደው በቅድሚያ ቁጥር ነው። በሲስኮ ከ1 እስከ 15 ሲሆን ማንም ካልነካው ሁሉም 1 ይሆናሉ፤ በሁዋዌ ከ1 እስከ 255 ሲሆን መነሻው 100 ነው። ቁጥሩ ካልተስተካከለና ሌላ የሚለያቸው ነገር ከሌለ ምርጫው በፋብሪካ አድራሻ ይወሰናል፤ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ አድራሻ ያለው፣ ብዙ ጊዜም አሮጌው ይሆናል። ስለዚህ አለቃ እንዲሆን የተፈለገው ስዊች ከፍተኛውን፣ ተጠባባቂው ቀጣዩን ቁጥር ይያዙ። አዲስ ስዊች ሲጨመር ደግሞ ኃይሉ ጠፍቶ ኬብሉ ተሰክቶ ከዚያ ይብራ። እየሠራ ያለን ስዊች እየሠራ ባለ ስታክ ላይ መሰካት ሁለት መንግሥት ማዋሐድ ይሆናል፤ እንደገና ምርጫ ይካሄዳል፣ የተሸነፈው ወገን ጠፍቶ ይነሣል። በሥራ ሰዓት ይህን ያደረገ ባለሙያ ሕንፃውን በሙሉ ለብዙ ደቂቃ ያቆመዋል።

ስንጥቁ ሲመጣ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሁለቱ ግማሾች እያንዳንዳቸው “አለቃው እኔ ነኝ” ብለው በአንድ አድራሻ ይቆማሉ። ሁዋዌና ኤች3ሲ ይህን የሚያጣራ መንገድ ሠርተዋል፤ በስዊቾቹ መካከል ለዚሁ ብቻ የተለየ ኬብል ይዘረጋል፣ ሁለት አለቃ ከታየ አንዱ ወደቦቹን ይዘጋል። ይህ ነገር ከፋብሪካ ሲወጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ አብሪው የቢሮው ባለሙያ ነው።

እዚህ ድረስ ያለው በጥንቃቄ የሚፈታ ነው። ስታክ በባሕርዩ የማያድንባቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ፤ ሻጮች ስለእነዚህ ብዙ አይናገሩም።

አንደኛው፣ ስታክ የሚያስበው በአንድ ጭንቅላት ነው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ቀንበሩ ሲሰበር ሁለቱም ይቆማሉ። የሶፍትዌር ስህተት አለቃውን ከመታው ተጠባባቂውም ያንኑ ሶፍትዌር ስለሚያሄድ በዚያው ስህተት ሊወድቅ ይችላል። ሶፍትዌር ሲታደስ አብዛኞቹ ስታኮች ባንድ ላይ ጠፍተው ይነሣሉ። አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ለአንዱ ሲሰጥ ለሁሉም ተሰጠ ማለት ነው። ለዚህ ነው ትልልቅ የመረጃ ማዕከላት በኔትወርካቸው እምብርት ላይ ስታክን ትተው ኤምላግ ወደሚባለው የሄዱት። ሁለቱ ስዊቾች የየራሳቸውን ጭንቅላት ይዘው ይቆያሉ፤ ከእነሱ ጋር ለተያያዘው ሰርቨር ግን ብዙ ኬብሎችን እንደ አንድ መስመር በሚያስረው በኤልኤሲፒ አንድ መስለው ይታያሉ። አንዱ ሲታደስ ሌላው ይሠራል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚጠይቀው ችሎታም እንዲሁ።

ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር አንድ ኬብል ብቻ ነው ያለው። ያ ኬብል የተሰካበት ስዊች ከሞተ ስታክ ኖረም አልኖረ በእሱ ላይ የተሰኩት 24ቱ ወይም 48ቱ ኮምፒውተሮች ይቋረጣሉ። ከስታክ በእውነት የሚጠቀመው ሁለት የኔትወርክ ካርድ ኖሮት በሁለቱም ስዊቾች ላይ የተሰካ ሰርቨርና ከሁለት የተለያዩ ስዊቾች የሚወጣ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ነው። ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ስዊች ከወጡ፣ ብዙ ራክ ላይ እንደሚታየው፣ የተገዛው መጠባበቂያ የለም ማለት ነው።

ግዥውም ወጥመድ አለው። ካታሊስት 2960-ኤክስን በመሰሉ ስዊቾች ላይ የስታክ ሞጁሉና ኬብሉ ለብቻ የሚገዛ ዕቃ ነው። ጨረታው ላይ “ስታክ የሚያደርግ ስዊች” ብቻ ከተጻፈ አቅራቢው ስዊቹን ያቀርባል፣ ሰነዱም ተሟልቷል ይባላል፤ ሞጁሉ ግን የለም። በርካሽ ዕቃዎች ላይ ደግሞ “ስታክ” የሚለው ቃል ሳጥኑ ላይ ይታተማል፤ ውስጡ ግን ብዙ ስዊቾችን ከአንድ ገጽ መቆጣጠር ብቻ ነው። መረጃው የሚያልፍበት የጋራ ጎዳና የለም፣ አንዱ ሲሞት የሚተካውም የለም። ለመለየት የሚያስችለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከሁለት የተለያዩ ስዊቾች የወጡ ኬብሎች በአንድ የኤልኤሲፒ ቡድን መታሰር ይችላሉ ወይ? አይችሉም ከተባለ ስታክ አይደለም።

አሁን ወደ ዋግ እንምጣ። ይህ አካባቢ ከኔትወርክ ጋር የተዋወቀው መጠባበቂያ በሌለው መንገድ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽና ማብቂያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ወረዳኔት ሲዘረጋ ወረዳዎች በሳተላይት ዲሽ ከክልልና ከአዲስ አበባ ጋር ተገናኙ። ያኔ ፋይበር ላልደረሰበት ተራራማ ወረዳ ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም፤ ታላቅ ሥራ እንደነበር መካድ አይገባም። ሆኖም ሰንሰለቱ አንድ ዲሽ፣ አንድ ራውተር፣ አንድ ስዊች፣ አንድ የመብራት መስመር ነበር። በዚያው ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ሁሉ ፕላዝማን ያስታውሳል። ትምህርቱ በሳተላይት የሚመጣ ስለነበር መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜው አለፈ፤ አስተማሪው ወደኋላ ሊመልሰው አይችልም። ቴሌቪዥኑ ደህና ነው፣ ዲሹ ደህና ነው፣ ሳተላይቱም 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በቦታው አለ፤ የጎደለው መብራት ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በኔትወርክ የሚሠራው ጉዳይ በዝቷል። የጤና ሪፖርት በዲኤችአይኤስ2 ይላካል፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፣ ፋይዳ መታወቂያ የባንክ መስኮት ላይ ደርሷል። የሰቆጣ ስም በአገር የተሰማው ደግሞ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ላይ ሲጀመር ከተያዙት አዳዲስ አሠራሮች አንዱ የመረጃ አብዮት ነበር። የሕፃኑ ክብደትና ቁመት ከቀበሌ ተነሥቶ ወረዳ፣ ዞንና ክልል ደርሶ በጊዜው ውሳኔ እንዲሰጥበት ማለት ነው። መስመሩ ተቋርጦ ቁጥሩ ወር ሙሉ ደብተር ላይ ከቆየ ውሳኔው ለዚያ ሕፃን አይደርስም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ውጊያ በዚያው ዓመት ክረምት ሰቆጣ ደረሰ። ከተማዋና ዙሪያዋ ለወራት ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ስልክ ቆዩ። በዚያን ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ ከዓለም ምርጡ ስታክ ቢኖርም ምንም አይለውጥም ነበር። ከዋግ ጋር የሚዋሰነው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ፣ 300 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ በ2002 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ከአምባዎቻቸው ላይ ሆነው ውኃውን የሚያዩ የዋግ ሰዎች በኩራዝ ማምሸታቸውን ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል። የፖለቲካ ውሳኔ የሚዘጋው መስመርም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የትኛውም የራክ አደረጃጀት አልከፈተውም። መሐንዲስ ሊፈታው የማይችለውን ነገር መሐንዲስ ላይ መጫን ተገቢ ስላልሆነ ይህን እዚሁ እተወዋለሁ።

ሊፈታ ወደሚችለው ስንመለስ ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት የያዝኳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ይተካ። አንድ ስዊች ከመቶ 99 ጊዜ ይሠራል እንበል፤ በዓመት ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይጠፋል ማለት ነው። ሁለት ስዊቾች አንዱ ሌላውን የሚተኩ ከሆኑ አብረው የሚጠፉበት ጊዜ በዓመት ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል። በጣም የሚያምር ቁጥር ነው። ነገር ግን መብራቱ ከመቶ 90፣ ፋይበሩ ከመቶ 97 ብቻ የሚገኝ ከሆነ እነዚህ ከስዊቹ ጋር ይባዛሉ። በአንድ ስዊች አገልግሎቱ በዓመት 50 ቀን ያህል ይጠፋል። ስታክ ሲገዛ 46 ቀን ይሆናል። በስታኩ ፈንታ ባትሪና ሶላር ገዝቶ መብራቱን ወደ 99 ያሳደገ ቢሮ ግን በዚያው አንድ ስዊች ወደ 18 ቀን ያወርደዋል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር በሙሉ ያለው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ልዩነት ውስጥ ነው።

ስለ ባትሪ ደግሞ ራስን ማታለል ይበዛል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይዟል ብንል ጠቅላላው 216 ዋት ሰዓት ነው። ሁለት ስዊችና አንድ ራውተር 100 ዋት ቢወስዱ በወረቀት ከሁለት ሰዓት በላይ፣ በተግባር ከአንድ ሰዓት ብዙ ያልዘለለ ጊዜ ያቆያል፤ ባትሪው ሦስት ዓመት ካለፈው ደግሞ ደቂቃዎች ብቻ ይቀራሉ። ያንኑ 100 ዋት ሙሉ ቀን ለማንቀሳቀስ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ፀሐይ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ኃይሏን ትሰጣለች ብለን ብክነቱን ከቀነስን 700 ዋት ገደማ ፓኔል ይበቃዋል። የዋግ ደጋ ለዚህ የታደለ ነው፤ ክረምቱ አጭር፣ ሰማዩ በዓመቱ አብዛኛው ወራት የጠራ ነው። ድርቅ ያመጣው ያው ሰማይ ቢያንስ ለዚህ ይዋል። ስታክ የገዛ ቢሮም ቢሆን ሁለቱን ስዊቾች በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ከሆነ ያ ዲቫይደር ሲቃጠል ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። አንዱ ከአንዱ ዩፒኤስ፣ ሌላው ከሌላው ይሁን።

ፋይበሩስ? ከሰቆጣ በምሥራቅ ወደ ኮረም፣ በደቡብ ደግሞ በቢልባላ በኩል ወደ ላሊበላና ጋሸና የሚወጣ መንገድ አለ። ሁለቱን አቅጣጫ የተከተለ ፋይበር ቀለበት የሚዘጋው በአገር ደረጃ ነው፤ ስታኩ ላይ የጎደለችው የመመለሻ ኬብል ትልቋ እኅት ማለት ነች። ይህ የኢትዮ ቴሌኮም ሥራ ነው፤ ቢሮ ሊገዛው አይችልም፣ ሊጠይቀው ግን ይገባል። ሲጠይቅ መልሱን በጥንቃቄ ይስማ። ሁለት መስመር በአንድ ቦይ ውስጥ ከሄደ መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ አካፋ ይበጥሳል። ኢትዮ ቴሌኮም ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በሚከራየው፣ በከፍተኛ መስመር ምሰሶዎች አናት ላይ በሚሄደው ፋይበር የሚመጣ ግንኙነት ደግሞ ምሰሶው ሲወድቅ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ መንገድ ሊባል የሚችለው ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የማይወድቅ ብቻ ነው። ቀለበቱ እስኪደርስ የሞባይል ኔትወርክን ወይም የድሮውን ሳተላይት ለአስፈላጊ ሥራ ብቻ በመጠባበቂያነት መያዝ ያዋጣል። ሳተላይቱ ምላሽ ለማምጣት ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ የጤና ሪፖርት ለመላክና ገንዘብ ለማስተላለፍ ግን ይህ እንቅፋት አይሆንም።

እንግዲህ ስታክ የት ይገባዋል? ሰቆጣ ላይ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልን የመሰለ ተቋም፣ ሌሊትም የሚሠራ፣ ላቦራቶሪው፣ መድኃኒት ቤቱና ካርድ ክፍሉ በአንድ ሰርቨር የሚያያዙበት ሆስፒታል፣ ለሰርቨሩ ክፍል ሁለት ስዊች በስታክ ቢያቆም ተገቢ ነው። የዞኑ አስተዳደር የመረጃ ክፍልም እንዲሁ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት በእሱ በኩል ስለሚያልፍ። ሁለቱም ግን ከባትሪው በኋላ ይግዙት። ኤምላግን ለሰቆጣ አልመክርም። ዕቃው ውድ ነው፤ ሲበላሽ የሚያነሣው ሰው ደግሞ በቅርብ የለም።

አምደወርቅ፣ ጽጽቃ፣ ኒሯቅ ወይም አስከተማ ላይ ላለ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ስታክ ትርፍ ወጪ ነው። እነዚህ ቦታዎች የሚያስፈልጋቸው አንድ የሚሠራ ስዊችና ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ ከሚሠራው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ስዊች ነው። ኮንፊገሬሽኑ አስቀድሞ ተጭኖበት፣ አቧራ እንዳይገባው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ የትኛው ኬብል የት እንደሚገባ በወረቀት ተለጥፎበት ይቀመጥ። አንዱ ሲሞት ዘበኛውም ቢሆን ኬብሎቹን ነቅሎ በቁጥራቸው ሊሰካ ይችላል፤ አገልግሎቱ በግማሽ ሰዓት ይመለሳል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ዕቃ እስኪመጣ ለሚጠብቅ ቢሮ ይህ ግማሽ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው።

የቀረው ሰው ነው። ሰቆጣ ውስጥ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚሰጥ ኮሌጅ አለ፤ ተማሪዎቹ ስፓኒንግ ትሪንና ኤልኤሲፒን ፓኬት ትሬሰር በተባለው በነፃ የሚገኝ የኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር ሊለማመዱ ይችላሉ። ስታክ ግን በዚያ ሶፍትዌር ላይ አይገኝም፤ ብረቱን መንካት ይፈልጋል። ስለዚህ ስታክ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሲተክል የኮሌጁን ተማሪዎች ቢጠራ ለራሱ የነገ ባለሙያ ያዘጋጃል። ሲረከብም በወረቀት ፈርሞ ብቻ አይረከብ። አቅራቢው ፊት ቆሞ አለቃውን ስዊች ከኃይል ይንቀል፣ ቀጥሎ አንዱን የስታክ ኬብል፣ ቀጥሎ አንዱን ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ይንቀል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሰርቨሩ ይመልስ እንደሆነ ይይ። ርክክቡ ላይ ያልተነቀለ ስታክ ይሠራል ለማለት ማስረጃ የለም፤ ይህን ፈተና በየመንፈቁ መድገምም ያስፈልጋል።

በዚህ ዓመት በጀት ይዛችሁ ስዊች ልትገዙ ያሰባችሁ የዋግ ኽምራ መሥሪያ ቤቶች፣ ጨረታውን ከማውጣታችሁ በፊት ባለፉት 12 ወራት አገልግሎታችሁ የተቋረጠባቸውን ቀናት ከነምክንያታቸው ጽፋችሁ ደምሩ። መብራት ከበለጠ ባትሪና ሶላር ግዙ፤ ፋይበር ከበለጠ ለኢትዮ ቴሌኮም በደብዳቤ ሁለተኛ መንገድ ጠይቁ፤ ስዊች ከበለጠ ብቻ ስታኩን፣ ከነሞጁሉና ከነመመለሻ ኬብሉ፣ ዝርዝሩ ላይ አስገቡ።